ለዲጂታል ህትመት የሚሆን ጥቁርና ነጭ ፊልም እንዴት ይመረጣል? ከወረቀቱ ተነስቶ ወደ ፊልሙ

ዛሬ በጥቁርና ነጭ ፊልም የሚያነሳ ሰው በአብዛኛው ጨለማ ክፍል የለውም። ፊልሙን ራሱ ያጥባል ወይም ያሳጥባል፣ ነጌቲቩን ስካን ያደርጋል፣ ፋይሉን ደግሞ በኢንክጄት ማተሚያ ያወጣል ወይም ለፎቶ ቤት ይልካል። ፊልም ሲመርጥ ግን የሚያገኘው ምክር ብዙውን ጊዜ ለጨለማ ክፍል የተጻፈ ነው፤ ይኼኛው ኮንትራስቱ (የብሩህና የጨለማው ልዩነት) ጠንካራ ነው፣ ያኛው ጥቁሩ ደማቅ ነው የሚል። ነጌቲቩ ስካን የሚደረግ ከሆነ የዚህ ምክር ግማሹ አይሠራም። ጨለማ ክፍል ውስጥ የነጌቲቩ ኮንትራስት ከወረቀቱ ደረጃ ጋር የግድ መግጠም ነበረበት፤ ስካን የተደረገ ነጌቲቭ ግን ኮንትራስቱ ኮምፒውተር ላይ በአንድ ከርቭ (ብሩሁንና ጥላውን ለየብቻ በሚቀይር መስመር) ይስተካከላል።

ኮምፒውተር የማያስተካክላቸው ነገሮች ሦስት ናቸው። አንደኛው ፊልሙ ጭራሽ ያልያዘው የጥላ ዝርዝር ነው። ሁለተኛው የግሬኑ (ምስሉን የሚሠሩት ቅንጣቶች) መጠን ከስካነሩ አቅም ጋር ያለው ግጥሚያ ነው። ሦስተኛው ፊልሙ ሰማያዊውን፣ ቀዩን፣ ቡናማውን ወደ የትኛው ግራጫ እንደለወጠው ነው። ፊልም መመረጥ ያለበት በእነዚህ ሦስቱ ነው። መንገዱም ከኋላ ይጀምራል፦ መጀመሪያ ወረቀቱ፣ ቀጥሎ ስካነሩ፣ በመጨረሻ ፊልሙ።

ደረጃ 1፦ ትልቁ ህትመት ስንት ሴንቲሜትር ነው?

በእጅ ተይዞ ለሚታይ ጥሩ ህትመት በኢንች 300 ፒክስል ይበቃል። ስካነሩ ከፊልሙ ላይ ማውጣት ያለበትን ለማወቅ የህትመቱን ረጅም ጎን ለነጌቲቩ ረጅም ጎን አካፍሉና በ300 አባዙ። የ35 ሚሊሜትር ነጌቲቭ ረጅም ጎኑ 3.6 ሴንቲሜትር ነው። ለኤ4 ህትመት 29.7 ለ3.6 ሲካፈል 8.25 ይሆናል፤ በ300 ሲባዛ ወደ 2475 ዲፒአይ (ስካነሩ በአንድ ኢንች የሚያነበው ነጥብ)። ለኤ3 በዚያው ስሌት 3500 ነው። 13 በ18 ለሆነ የአልበም ፎቶ ግን 1500 ብቻ ይበቃል።

ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከሜትር በላይ ርቀት የሚታይ ህትመት ከሆነ በ300 ፋንታ በ200 ማባዛት ይቻላል። ኤ2 ከ35 ሚሊሜትር በዚህ ስሌት 3300 ይጠይቃል፤ ከባድ ነው ግን አይቻልም አይባልም።

ስካኑን ለፎቶ ቤት የምትተዉ ከሆነ የሚሰጧችሁን የፒክስል ብዛት ቀድማችሁ ጠይቁ። 1800 በ1200 ፒክስል የሆነ አነስተኛ ስካን ለ10 በ15 ህትመት እንጂ ከዚያ በላይ አይበቃም። እንዲህ ያለውን ስካን ይዞ ስለ ፊልም ግሬን መጨነቅ ከንቱ ነው፤ በዚያ መጠን የሁሉም ፊልም ግሬን ተመሳሳይ ሊመስል ይችላል።

ደረጃ 2፦ ስካነሩ በእርግጥ ስንት ያነባል?

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥርና ስካነሩ በእውነት የሚያወጣው ዝርዝር የተለያዩ ናቸው። ኤፕሰን ቪ600 ላይ 6400 ዲፒአይ ተጽፏል፤ ሲለካ የሚገኘው ወደ 1500 ገደማ ነው። ቪ850 ከ2300 ብዙም አይርቅም። ለ35 ሚሊሜትር ብቻ የተሠራው ፕላስቴክ 8200አይ 7200 ቢባልም 3500 አካባቢ ይደርሳል። ከገበያ የወጡት የኒኮን ኩልስካን ስካነሮች ግን ከተጻፈባቸው 4000 እምብዛም አይወርዱም፤ አሮጌ ሆነው ዛሬም በውድ የሚሸጡት ለዚህ ነው።

የራሳችሁን ስካነር እንዲህ ፈትኑት። በትራይፖድ የተነሳ፣ ጥርት ያለ አንድ ነጌቲቭ በከፍተኛው ቁጥር ስካን አድርጉ። ፋይሉን ወደ 2400 አሳንሱና መልሳችሁ ወደ ነበረበት አሳድጉት፤ ከመጀመሪያው ጋር ጎን ለጎን በ100 ፐርሰንት አስተያዩ። ልዩነት ካላያችሁ የስካነሩ አቅም 2400 ወይም ከዚያ በታች ነው። ወደ 1800 እያወረዳችሁ ድገሙት። ልዩነቱ መታየት የሚጀምርበት ቦታ የስካነራችሁ ትክክለኛ ቁጥር ነው።

በዲጂታል ካሜራና በማክሮ ሌንስ ስካን የምታደርጉ ከሆነ ስሌቱ ይቀላል። 24 ሜጋፒክስል የሆነ ሙሉ ፍሬም ካሜራ ረጅም ጎኑ 6000 ፒክስል ነው፤ ነጌቲቩ በ1 ለ1 ፍሬሙን ሲሞላ ወደ 4200 ዲፒአይ ይሆናል። ሌንሱ ጥሩ ከሆነና ካሜራው ከፊልሙ ጋር በትክክል ትይዩ ከቆመ ለኤ3 ከበቂ በላይ ነው። ትይዩነቱን ለማረጋገጥ በፊልሙ ቦታ ትንሽ መስታወት አስቀምጡ፤ ሌንሱ የራሱን መሃል መሃሉ ላይ ካየ ቀጥ ብሏል።

አሁን ሁለቱን ቁጥሮች አስተያዩ። ህትመቱ 2475 ጠይቆ ስካነሩ 1500 ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ፊልም መቀየር አያድናችሁም። ወይ ህትመቱ ያንሳል፣ ወይ ስካኑ ይቀየራል፣ ወይ ነጌቲቩ ያድጋል። 120 በሚባለው ሰፊ ፊልም ላይ ከተነሳ 6 በ6 ሴንቲሜትር ነጌቲቭ 30 በ30 ሴንቲሜትር ለማተም የሚያስፈልገው 1600 ዲፒአይ ገደማ ብቻ ነው፤ ለ35 ሚሊሜትር የማይበቃው ጠፍጣፋ ስካነር ለ120 ፊልም በደንብ ይበቃል። ጠፍጣፋ ስካነር ያለውና ትልቅ ህትመት የሚፈልግ ሰው ገንዘቡን ውድ በሆነ ባለ ደቃቅ ግሬን ፊልም ላይ ከሚያፈስ አሮጌ የ120 ካሜራ ቢገዛ ይሻለዋል።

ደረጃ 3፦ ፊልሙ

ስካን ላይ ግሬን ከጨለማ ክፍል ህትመት በበለጠ ጎልቶ ይወጣል። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የስካነሩ ፒክስልና የግሬኑ ክምችት መጠናቸው ሲቀራረብ ስካነሩ ግሬኑን ከእውነተኛው አጉልቶ ያነበዋል፤ በተለይ 2400 እስከ 2700 ዲፒአይ አካባቢ በሚሠሩ ስካነሮች ላይ ሰማይና ግድግዳ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ሁለተኛ፣ መብራታቸው ቀጥተኛ የሆነ ስካነሮች የብሩ ቅንጣት የሚበትነውን ብርሃን ስለማይሰበስቡ ኮንትራስቱም፣ ግሬኑም፣ ጭረቱም ይጠነክራል። ብርሃናቸው የተሰራጨ ጠፍጣፋ ስካነሮችና ነጭ ፕላስቲክ ያለው የመብራት ሰሌዳ በዚህ በኩል ይለሰልሳሉ።

ከዚህ ተነስተን ፊልሞቹን እንያቸው።

ለመጀመር አንድ ብቻ ምረጡ ከተባለ ኢልፎርድ ኤችፒ5 ፕላስ ነው። 400 አይኤስኦ (ፊልሙ ለብርሃን ያለው ፍጥነት) ነው፤ በተፈጥሮው ኮንትራስቱ ለስላሳ፣ ብሩህ ቦታው ቶሎ የማይደፈን ነው። የጨለማ ክፍል ሰዎች «ደብዛዛ» እያሉ የሚያሙበት ልስላሴው ለስካን መልካም ባሕርይ ነው፤ ስካነሩ ከጥላው እስከ ደመናው ሁሉንም በቀላሉ ያነበዋል። ኮንትራስቱን እናንተ ትጨምሩበታላችሁ። ኮዳክ ትራይ-ኤክስ 400 ለዚሁ ሥራ ይሆናል፤ ግሬኑ የበለጠ ስለታም ስለሆነ መብራቱ ቀጥተኛ በሆነ ስካነር ላይ ይጎላል። ያንን መልክ የሚወዱ ብዙዎች ናቸው፤ ግን አውቃችሁ ምረጡት እንጂ በኋላ አትደንግጡ።

ከ35 ሚሊሜትር እስከ ኤ3 ለማተም ለሚፈልግ ኮዳክ ቲ-ማክስ 400 ከ400ዎቹ ሁሉ የተሻለው ነው። ግሬኑ ለፍጥነቱ በጣም ደቃቅ ነው። የፊልሙ ከርቭ ረጅምና ቀጥ ያለ ስለሆነ ኮምፒውተር ላይ እንደፈለጉ ይቀረጻል። ጉዳቱም ከዚያው ይመጣል፦ ብሩህ ቦታው ላይ ጎንበስ ስለማይል ትርፍ ደቂቃ ከታጠበ ሰማዩ ያለ ገደብ እየደፈነ ይሄዳል። የሙቀት መጠንና ሰዓት በትክክል የማይጠብቅ ሰው ኤችፒ5 ላይ ይቆይ።

ቲ-ማክስ 100ና ኢልፎርድ ዴልታ 100 ለመልክዓ ምድር፣ ለሕንፃ፣ በትራይፖድ ለሚሠራ ሁሉ ናቸው። ስካነራችሁ ከ3000 በታች ከሆነ ግን ከ400ው ያላቸውን ብልጫ ግማሹን አታዩትም። ኤፍፒ4 ፕላስ፣ 125 አይኤስኦ፣ ግሬኑ ከነሱ ትንሽ ወፈር ቢልም አጥቢውን ይታገሳል፤ ለፀሐይ ብርሃን ሥራ ብዙዎች የሚመለሱት ወደ እሱ ነው። ፓን ኤፍ ፕላስ 50ን ለቀትር ፀሐይ አንመክርም፤ ኮንትራስቱ ጠንካራ ነው፣ ነጩ በፍጥነት ይደፈናል። ከተነሳ በኋላ ሳይታጠብ ሲቆይም ምስሉ እየደከመ ስለሚሄድ በሦስት ወር ውስጥ መታጠብ አለበት።

ኢልፎርድ ኤክስፒ2 ሱፐር የብቻው ዓለም ነው። እንደ ቀለም ፊልም በሲ-41 ይታጠባል፤ ሲያልቅ ምስሉ በብር ቅንጣት ሳይሆን በቀለም ደመና የተሠራ ነው። ለስካን ይህ ሁለት ጥቅም አለው። የስካነሩ ኢንፍራሬድ አቧራ ማጽጃ፣ ዲጂታል አይስ የሚባለው፣ ይሠራበታል፤ በሌሎቹ ጥቁርና ነጭ ፊልሞች ላይ ብሩ ኢንፍራሬዱን ስለሚከለክል ማጽጃው ምስሉን ራሱን እንደ አቧራ ቆጥሮ ያበላሸዋል። ሌላው፣ ብርሃን በጨመራችሁለት ቁጥር ግሬኑ ይደቅቃል። ካርቶኑ ላይ 400 ቢልም የካሜራውን የብርሃን መለኪያ (ሜትሩን) 200 ላይ አድርጋችሁ አንሱትና በተለመደው ሰዓት ይታጠብ፤ ፊቱ እንደ ሐር ይለሰልሳል። ጉድለቱ የቀለም ምስል ከብር ምስል ይልቅ ቶሎ መደብዘዙ ነው፤ እንደታጠበ ስካን አድርጉት።

በዋጋ ረገድ ኬንትሜር ፓን 400ና ፎማፓን ይረክሳሉ። ፎማፓን 400 ላይ የተጻፈው 400 በተለመደ ዴቨሎፐር (ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል) የማይገኝ ቁጥር ነው፤ 200 ላይ አድርጉት፣ አለዚያ ጥላው ባዶ ይሆናል። ፎማ በተጨማሪ ይጠቀለላል። እንደ አዲስ አበባ በጋ ባለ ደረቅ አየር ውስጥ ከደረቀ በኋላ ጠርዙ ተቆልምሞ የስካነሩ መያዣ ውስጥ አልተኛም ይላል፤ መሃሉ ሲጠራ ዳሩ ይደበዝዛል፣ መስታወት ከነካ ደግሞ ቀለበት ቀለበት የሚመስል የኒውተን ሪንግ ይወጣል። ለጠፍጣፋ ስካነር ይህ ከግሬን የባሰ ችግር ነው። ቲ-ማክስና ኢልፎርድ ለጥ ብለው ይተኛሉ።

ዴልታ 3200 እውነተኛ ፍጥነቱ 1000 ገደማ ነው። በምሽት፣ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ በጧፍ ብርሃን ለመሥራት ከ120 ፎርማት ጋር ድንቅ ነው፤ በ35 ሚሊሜትርና በጠፍጣፋ ስካነር ግን ከ13 በ18 በላይ አትመኙ።

ደረጃ 4፦ ብርሃን አሰጣጥ፣ ነጠላና ፊት

በጥቁርና ነጭ ነጌቲቭ ላይ ጥላው ስሱ ክፍል ነው። እዚያ ያልተመዘገበ ዝርዝር በምንም ሶፍትዌር አይመለስም፤ ጥላውን ስትከፍቱ የሚመጣው ግሬንና ጫጫታ (ዝርዝር ያልሆነ ብጥስጥስ ያለ ነጠብጣብ) ብቻ ነው። ብሩህ ቦታ ላይ ግን ፊልም ብዙ ይችላል። ስለዚህ ለስካን የሚሠራ ሰው ለፊልሙ በልግስና ብርሃን ይሰጣል፣ በማጠቢያው ሰዓት ደግሞ ይቆጥባል።

የአገራችን ዋነኛ ፈተና ይኸውና፦ ነጭ ነጠላ የተከናነቡ እናት፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ፀሐይ ሥር። ነጠላው ብርሃኑን ሁሉ መልሶ ይረጫል፤ ጠይም ፊት ከሱ ወደ 3 ስቶፕ ያህል ይወርዳል (አንድ ስቶፕ ብርሃኑ በግማሽ ሲቀንስ ወይም በእጥፍ ሲጨምር ነው)፤ ነጠላው ግንባራቸው ላይ ጥላ ከጣለ ደግሞ ሌላ 2 ወይም 3 ስቶፕ ይጨመርበታል። የካሜራው ሜትር ነጠላውን አይቶ ብርሃን ይቀንሳል፤ ፊቱ ከጥላ ጋር ይቀበራል፤ የጥለቱ ክር ብቻ ጥርት ብሎ ይወጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኤችፒ5 ወይም ትራይ-ኤክስ ጭናችሁ ሜትሩን 200 ላይ አድርጉ። ቀረብ ብላችሁ ፊቱን ብቻ ለኩ፣ ጥላ ያለበትን ጎን። ጠይም ፊት ከመካከለኛው ግራጫ በ1 ስቶፕ ጠቆር ብሎ መቀመጥ ስላለበት ሜትሩ ከሰጣችሁ 1 ስቶፕ ቀንሱ። ለምሳሌ ሜትሩ በኤፍ 8 አንድ ስልሳኛ ካለ በአንድ መቶ ሃያ አምስተኛ አንሱ። ነጠላው በዚህ ጊዜ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ አይጥፋ እንጂ ግድ የለም፣ የማጠቢያው ሰዓት ሲያጥር ወደ ልኩ ይወርዳል። ሜትራችሁ ቀረብ ብሎ መለካት የማይችል ከሆነ የእጃችሁን መዳፍ በዚያው ጥላ ውስጥ ዘርግታችሁ ለኩ፤ መዳፍ የሁሉም ሰው ፈዘዝ ያለ ስለሆነ ከመካከለኛው ግራጫ 1 ስቶፕ ያህል ይበራል፣ ስለዚህ የሰጣችሁን በ1 ስቶፕ ጨምሩ።

ብርሃን አንሶ መግፋት የግድ ከሆነ፣ ማለትም 400ውን በ1600 ማንሳትና በረጅም ሰዓት ማጠብ፣ ለስካን የማይመች ነገር እየሠራችሁ እንደሆነ እወቁ፦ ጥላው ባዶ፣ ነጩ ድፍን። 800 ድረስ ግን መንገድ አለ። ኮዳክ ራሱ ትራይ-ኤክስና ቲ-ማክስ 400 በ800 ተነስተው የማጠቢያው ሰዓት ሳይለወጥ መታጠብ እንደሚችሉ ይገልጻል፤ የጎደለውን ኮንትራስት በከርቭ ትሞላላችሁ።

ፊልተር እዚሁ ይግባ። ከዲጂታል ካሜራ የመጡ ሰዎች ሰማይን የሚያጠቁሩት በኋላ ሰማያዊውን ተንሸራታች በመቀነስ ነው። በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ይህ የለም፤ ቀለሙ መዝጊያው በተከፈተበት ቅጽበት ወደ ግራጫ ተለውጦ አልቋል። ስለዚህ ፊልተር መግዛት ያለፈበት ነገር አይደለም። ቢጫ 1 ስቶፕ፣ ብርቱካናማ 2 ስቶፕ፣ ቀይ 3 ስቶፕ ገደማ ይበላሉ። ቢጫው ደመናን ከሰማይ ይለያል፣ ሁልጊዜ ሌንሱ ላይ ቢቀመጥ አይጎዳም። ብርቱካናማው የቡናማ ቆዳን ብርሃን ከፍ ያደርጋል፣ ነጠብጣብም ይደብቃል። ቀዩ በደጋ ሰማይ ላይ፣ ለምሳሌ ላሊበላ ወይም ሰሜን ተራሮች፣ ሰማዩን ወደ ጥቁር ያስጠጋዋል፤ በዚያ ላይ በሰማያዊ ብርሃን ብቻ የሚበራውን ጥላ ስለሚያጠቁር አስቀድሞ የሳሳውን ክፍል ያሳሳዋል። በቀይ ስታነሱ ከተጻፈው ሌላ ግማሽ ስቶፕ ጨምሩ።

ደረጃ 5፦ ማጠብ

ለስካን ጥሩ የሚባለው ነጌቲቭ በጨለማ ክፍል ሰው ዓይን ትንሽ ስስ ነው። ጋዜጣ ላይ አስቀምጡት፤ በጣም ድፍን በሆነው ቦታ በኩል ፊደሉ በጭንቅም ቢሆን መነበብ አለበት። ካልተነበበ ስካነሩም ይቸገራል፤ ሰማዩ ላይ የሚታየው ብጥስጥስ ያለ ጫጫታ ከዚያ ይመጣል።

በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ የአምራቾቹ ሰዓት ይህ ነው፦ ትራይ-ኤክስ 400 ዲ-76 በሚባለው ዴቨሎፐር 1+1 (አንድ እጅ ኬሚካል ለአንድ እጅ ውሃ)፣ 9 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ፤ ኤችፒ5 ፕላስ አይዲ-11 በሚባለው 1+1፣ 13 ደቂቃ፤ ኤፍፒ4 ፕላስ በዚያው 11 ደቂቃ። ሜትሩን ግማሽ አድርጋችሁ ካነሳችሁ፣ ማለትም 400ውን በ200፣ ከዚህ ሰዓት 15 እስከ 20 ፐርሰንት ቀንሱ። ትራይ-ኤክስ ወደ 8 ደቂቃ፣ ኤችፒ5 ወደ 10 ደቂቃ ተኩል ይወርዳል። ከ5 ደቂቃ በታች የሚያወርድ ስሌት ከመጣ ዴቨሎፐሩን የበለጠ አቅጥኑ፤ በአጭር ሰዓት ፊልሙ በእኩል አይታጠብም፣ ሰማዩ ላይ ጅራፍ የመሰለ መስመር ይወጣል።

ከዴቨሎፐሮች ኤክስቶል 1+1 ለስካን በጣም የሚመች ነው፤ ግሬኑ ደቃቅ፣ ጥላው ሙሉ። ሮዲናል ግሬኑን ስለሚያሾል ከ400 ፊልምና ከ35 ሚሊሜትር ጋር አታጋቡት፣ ያንን መልክ ፈልጋችሁ ካልሆነ።

የሙቀት መጠን በባሕረ ሰላጤው አገሮች ላሉ ወገኖች እውነተኛ ራስ ምታት ነው። በክረምታቸው ደህና ነው፤ በበጋ ግን ከጣሪያ ታንከር የሚወርደው የ«ቀዝቃዛ» ቧንቧ ውሃ ከ30 ዲግሪ ያልፋል። ዴቨሎፐሩን ብቻ አቀዝቅዞ በሞቀ ውሃ ማለቅለቅ ጄላቲኑን ይጎዳል፤ ፊልሙ ድንገት ሲሞቅ ግሬኑ ይሰባሰባል። ማለቅለቂያውን ጨምሮ ውሃውን ሁሉ ቀድማችሁ በጠርሙስ አቀዝቅዙ፤ ከዴቨሎፐሩ ጋር በ2 ዲግሪ ውስጥ ይቀራረቡ።

ፈጣን ፊክሰር (ምስሉን የሚያጸናው ኬሚካል) 1+4፣ ለኤችፒ5 ዓይነቱ 3 እስከ 5 ደቂቃ። ቲ-ማክስ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል፤ ከታጠበ በኋላ ደማቅ ሐምራዊ ጥላ ከቀረበት ፊክሰሩ ደክሟል ወይም ሰዓቱ አጥሯል። የመጨረሻው ማለቅለቂያ የተጣራ ውሃ ይሁን፣ ከጥቂት ጠብታ የፎቶ ማርጠቢያ ጋር። እዚህ ላይ ሰነፍ አትሁኑ፤ ኤክስፒ2 ካልሆነ በስተቀር እያንዳንዱን የውሃ ጠብታ ምልክትና አቧራ ኮምፒውተር ላይ በእጃችሁ ነው የምታጸዱት። ሻወር ቤት ውስጥ ሙቅ ውሃ ለጥቂት ደቂቃ ከፍታችሁ አቧራው ከተቀመጠ በኋላ ፊልሙን እዚያ ስቀሉት፤ ከታች መቆንጠጫ ይንጠልጠልበት። ሲደርቅ ቆርጣችሁ በከረጢቱ ከከባድ መጽሐፍ ሥር አንድ ሌሊት ይደር።

ደረጃ 6፦ ስካን

16 ቢት፣ ግራጫ። የስካነሩን ማጥሪያ፣ አቧራ ማጽጃ (ኤክስፒ2 ካልሆነ በስተቀር) እና አውቶማቲክ ኮንትራስት አጥፉ። የጥቁሩንና የነጩን ጫፍ ከሂስቶግራሙ (ከጥቁር እስከ ነጭ ያለውን ስርጭት ከሚያሳየው ግራፍ) ውጭ ክፍት ተዉት፤ የሚወጣው ምስል ፈዛዛና የማያምር ይሁን። አስቀያሚ ስካን ጥሩ ስካን ነው፤ ገና ከስካነሩ ሲወጣ ያማረ ፋይል አብዛኛውን ጊዜ ነጠላው ላይ ያለው ዝርዝር ተቆርጦበታል።

ስካነሩ በቀለም ብቻ ጥሩ የሚሠራ ከሆነ በ48 ቢት ቀለም አንብቡና አረንጓዴውን ቻናል ብቻ አስቀሩ፤ ብዙውን ጊዜ ከሦስቱ ጥርት ያለው እሱ ነው። ፊልሙ መስታወት ላይ በቀጥታ የሚያርፍ ከሆነ ደብዛዛው ጎን ወደ መስታወቱ ይዙር፣ ምስሉን በኋላ ትገለብጡታላችሁ፤ የኒውተን ሪንግ ይቀንሳል። በካሜራ ስካን ስታደርጉ በአይኤስኦ 100፣ በኤፍ 8 አካባቢ፣ በሮው (ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ፋይል) አንሱ። በነጌቲቭ ላይ ከሁሉ የሚበራው ባዶው የፊልም ጠርዝ ነው፤ እሱ ከሂስቶግራሙ ቀኝ ጫፍ ትንሽ መለስ እስኪል ብርሃን ስጡ። ያን ጊዜ የነጌቲቩ ድፍን ክፍል፣ ማለትም የምስሉ ብሩህ ቦታ፣ ከጫጫታ ይርቃል።

የስካነሩ አቅም 2400 አካባቢ ሆኖ ግሬኑ ከጎላባችሁ የጫጫታ ማጥፊያውን አትክፈቱ፤ ፊት ላይ ፕላስቲክ የለበሰ ያስመስላል። ከቻላችሁ በከፍተኛው ቁጥር ስካን አድርጋችሁ ወደ ህትመቱ መጠን አሳንሱ፤ ግሬኑ በዚያ ይለሰልሳል።

ደረጃ 7፦ ወረቀቱ ምን ይላል?

ወረቀት ወደ ፊልም ምርጫ ይመለሳል። ማት (የማያንጸባርቅ) የጥጥ ወረቀት የሚደርስበት ጥቁር በጥቁረት መለኪያ (ዴንሲቲ) 1.6 ወይም 1.7 ገደማ ነው፤ ባሪታ የሚባለው አንጸባራቂ ወረቀት ከ2.2 በላይ ይሄዳል። ማት ላይ የታችኞቹ ግራጫዎች ተጨፍልቀው ስለሚገቡ ጥላቸው ከፍ ብሎ የተነሳ ለስላሳ ነጌቲቭ ያስፈልጋል፤ በሌላ በኩል ሸካራው ገጽ ግሬንን ይውጣል። ኤችፒ5ና ማት ይስማማሉ። ባሪታ ግሬኑን፣ አቧራውን፣ የስካኑን ጉድለት ሁሉ ያሳያል፤ ቲ-ማክስና ዴልታ 100 ዋጋቸውን የሚያወጡት እዚህ ነው።

ማተሚያው ሁለትና ከዚያ በላይ የግራጫ ቀለም ከሌለው ግራጫውን ከሦስቱ ቀለሞች እየቀላቀለ ይሠራል፤ በመስኮት ብርሃን ደህና የነበረው ህትመት በአምፑል ሥር አረንጓዴ ወይም ሮዝ ይላል። ፎቶ ቤቶች በቀለም ወረቀት ላይ ሲያትሙም ይኸው ያጋጥማል። ስታሳትሙ መጀመሪያ አንድ ብቻ አሳትማችሁ በሁለቱም ብርሃን እዩት። ኤፕሰን ፒ700 እና ፒ900 ለጥቁርና ነጭ የተለየ የማተሚያ ዘዴ አላቸው፤ እሱን ምረጡ፣ ቃናውን «ገለልተኛ» ላይ አድርጉ።

ደረጃ 8፦ አንድ ጥቅል፣ አንድ ሙከራ

ሁለት ፊልም ማወዳደር ከፈለጋችሁ የሰው ፎቶ ከበይነ መረብ ላይ አትመልከቱ፤ በሌላ ስካነርና በሌላ ከርቭ የተሠራ ነው። ጠይም ፊት፣ ነጭ ጨርቅና ክፍት የጨለማ በር በአንድ ፍሬም የሚገቡበትን ቦታ ፈልጉ። 400ውን ፊልም በ400፣ በ200፣ በ100 አንሱ፤ በቀነሰው ሰዓት እጠቡ፤ ሦስቱንም በአንድ ዓይነት ስካን አንብቡ።

ለሙከራ ሙሉ ኤ3 አታትሙ፣ ቀለም ታባክናላችሁ። ፋይሉን ወደ ኤ3 መጠን አድርጉና ፊቱን፣ የጨርቁን ጠርዝና የበሩን ጥላ የያዘ 10 በ15 ሴንቲሜትር ቁራጭ ብቻ ቆርጣችሁ አትሙ። በአንድ ኤ4 ወረቀት ላይ ሁለት ቁራጭ ይገባል። በእጅ ርቀት ይዛችሁ ስታዩት የበሩ ውስጥ ባዶ ጥቁር ከሆነ በቀጣዩ ጥቅል ብርሃን ጨምሩ። የጨርቁ ክር ከጠፋ የማጠቢያውን ሰዓት በሌላ 10 ፐርሰንት ቀንሱ። ሁለቱም ደህና ሆነው ፊቱ ላይ ያለው ግሬን ብቻ ካስቸገረ፣ አሁን ፊልም መቀየር ትችላላችሁ፦ በ35 ሚሊሜትር ከኤችፒ5 ወደ ቲ-ማክስ 400 ወይም በ200 ወደ ተነሳ ኤክስፒ2። ይህም ካልበቃ ቀጣዩ መፍትሔ 120 ፊልም ነው።

ፊልሙን በአውሮፕላን ይዛችሁ የምትመጡ ከሆነ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አታስገቡ፤ በእጅ ይያዝ። አዲሶቹ ሲቲ የሚባሉት የፍተሻ ማሽኖች ማንኛውንም ያልታጠበ ፊልም ስለሚያጠይሙ በእጅ እንዲፈተሽ ጠይቁ፤ ፊልሙን ከካርቶኑ አውጥታችሁ በሚያሳይ ላስቲክ ውስጥ ብታደርጉት ፈታሹም ቶሎ ይለቃችኋል። ያጠየመ ፊልም መጀመሪያ የሚያጠፋው ጥላውን ነው፤ ከላይ የተባለውን ሁሉ አድርጋችሁ የበሩ ውስጥ አሁንም ግራጫና ዝርዝር አልባ ከሆነ ፊልሙ የመጣበትን መንገድ ጠይቁ።